ለሕንፃ የመጣ ብር እንጀራ ይሆናል? ስለ ዩኒቨርሲቲ በጀት ከአዘዞ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ልጄ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በአራት ዓመት ትመረቃለች ብለን ነበር፤ ትምህርቱ እየተቋረጠ ከገባች አራት ዓመት አልፎ ገና ሦስተኛ ዓመት ናት። የካፌው ምግብ ሳስቷል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ኬሚካል የለም ትላለች። ግቢው መሀል ግን ያላለቀ ትልቅ ሕንፃ ተገትሯል። ለሕንፃው የመጣውን ብር ለምን ለተማሪው ምግብ አያውሉትም? መንግሥት ለችግር ጊዜ ብሎ የመደበውስ የት ገባ? ወጪ መጋራት ፈርማ እየተማረች ለምን ትቸገራለች? እኛ ወላጆች ብር አዋጥተን ለካፌው ልንሰጥ ተስማምተናል። አንዳንዱ ደግሞ ‹ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ሲሆን መንግሥት እጁን ያነሣል፣ አትድከሙ› ይለናል። ምን ይሻላል?» (የዩኒቨርሲቲውን ስም ከጥያቄው አውጥቼዋለሁ።)

ምላሽ፦

ጥሬ ብር አታዋጡ። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጥያቄው ውስጥ ያሉ አራት ስሕተቶች መስተካከል አለባቸው፤ እነሱ ሳይስተካከሉ ትክክለኛውን በር ማንኳኳት አይቻልምና።

ለችግር ጊዜ ተመደበ የሚባለው ብር እርስዎ በሚያስቡት መልክ የለም። የፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ በጀቱ ውስጥ መጠባበቂያ ይይዛል፤ ይህ ግን የአገሪቱ ሁሉ መጠባበቂያ ነው። ድርቁም፣ ጎርፉም፣ ጦርነቱም፣ ያልታሰበው ወጪም ከዚያው ይጠብቃል። ለዩኒቨርሲቲ በስሙ ተለይቶ የተቀመጠ የችግር ሣጥን የለም። ሲቸግረው እንደ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጠይቆ፣ አስረድቶ፣ ወረፋ ይዞ ነው የሚያገኘው።

«በጀት ጸደቀ» ሲባልም ብሩ ዩኒቨርሲቲው ባንክ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። የጸደቀ በጀት የማውጣት ፈቃድ ነው። ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል፣ ሐምሌ 1 ሥራ ላይ ይውላል፣ ገንዘቡ ከገንዘብ ሚኒስቴር በየጊዜው እየተጠየቀ ይለቀቃል፣ ሰኔ 30 ላይ ያልተሠራበት ፈቃድ ይሞታል። የመንግሥት ግዥ ክፍሎች ሰኔ ላይ ለምን እንደሚራወጡ ከዚህ ይገባዎታል። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሰኔ 27 ቀን ለሦስት ዓመት የሚበቃ የፕሪንተር ቀለም ገዝተን ነበር፤ በዚያው ሳምንት የጄኔሬተሩ ናፍጣ አልቆ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠናል። የቀለሙ መደብ ብር ነበረው፣ የናፍጣው አልነበረውም።

የእርስዎ ጥያቄ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ በጀት አንድ ከረጢት ሳይሆን ብዙ ኪስ ያለው ካፖርት ነው፤ ኪሶቹም የተሰፉ ናቸው። በአንድ በኩል መደበኛ በጀት አለ፤ ደመወዝ፣ የተማሪ ምግብ፣ መድኃኒትና ኬሚካል፣ ነዳጅ፣ ውኃና መብራት በየመደባቸው የተቀመጡበት። በሌላ በኩል ካፒታል በጀት አለ፤ ሕንፃውና ትልልቅ መሣሪያው ያሉበት። በፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ (አዋጅ ቁጥር 648/2001) መሠረት ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወር አይፈቀድም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ለሕንፃው የተያዘውን ብር ጤፍ ልግዛበት ቢል ኦዲት ፊት የሚያቆመው ጥፋት ይሆናል፤ ልቡ ቢራራም እጁ ታስሯል። ሕጉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ቢፈቀድ ኖሮ በየዓመቱ የዕለቱ ጉድለት ሕንፃውን እየበላ አንድም ግቢ ባላለቀ ነበር። በሰላም ጊዜ ሕጉን እደግፈዋለሁ። በችግር ጊዜ ግን የተወሰነ መጠን በገንዘብ ሚኒስቴር ፈቃድ የሚላላበት በር ቢኖረው ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ደግሞ ያ የተገተረ ሕንፃ የቆመው ብር ተርፎት አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚቆመው ብር አንሶት ነው። ውሉ የተፈረመው በድሮ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ነው፤ ተቋራጩ የዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል፣ ክርክሩ ይረዝማል፣ መንገድ ሲዘጋ ዕቃው አይደርስም፣ የጥበቃው ወጪ ብቻ ይቀጥላል። የተገተረ ሕንፃ ሲያዩ የተደበቀ ገንዘብ ሳይሆን ሁለተኛ ረሃብተኛ እያዩ ነው።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ዝርዝሩ ያለው እዚያ ነውና። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ ተመን ለዓመታት 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር አደገ። ቁጥሩን ሲያዩት ትልቅ ዝላይ ነው፤ ግን ቅዳሜ ገበያ ወጥተው የጤፉን፣ የሽሮውንና የዘይቱን ዋጋ ጠይቀው ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት ያካፍሉት። በዚያ ላይ ተመኑ ለአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው። የባሕር ዳር መንገድ ሲዘጋ ወይም የመተማው ሲቋረጥ ጎንደር ላይ የሚጨመረውን የትራንስፖርት ወጪ ተመኑ አያውቀውም። የጎንደርን የውኃ ችግርም አያውቅም። የአንገረብ ግድብ በደለል ተይዞ ከተማው ሁሌ በውኃ ሲቸገር፣ የመገጭ ግድብም ዓመታት ሲጓተት፣ እዚህ የሚገኝ ግቢ በቦቴ ውኃ ማስመጣቱ አይቀርም፤ ያም ከሌላ ኪስ ይወጣል።

የተመኑ ማነስ አንድ ነገር ነው፤ የአቅርቦት ውል ደግሞ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ምግብ የሚገዛው እንደ እርስዎ ዕለት በዕለት ሳይሆን በዓመታዊ ጨረታ ነው። ነጋዴው መስከረም ላይ በሰጠው ዋጋ እስከ ሰኔ እንዲያቀርብ ይፈርማል፣ የውል ማስከበሪያ ዋስትና ያስይዛል። ዋጋው በመሀል ሲዘል ምን ያደርጋል? አንድ የጤፍ አቅራቢ ቢሮዬ ገብቶ «ዋስትናዬን ውረሱት፣ ከዚህ በላይ ብከስር ቤቴን ነው የምሸጠው» ብሎ ቁልፉን እንደሚያስረክብ ሰው ወንበሩ ላይ ተደፍቶ ያለቀሰበትን ቀን አልረሳውም። ዋስትናውን ወረስን። ጤፍ ግን አላገኘንም። አዲስ ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ተሰምቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ሄደ፤ በዚያ መሀል ተማሪው የበላው በየሳምንቱ በቀጥታ ግዥ የተገዛ ውድና ትንሽ ነገር ነበር። ልጅዎ «ሳሳ» ያለችው ምግብ እንዲህ ዓይነት መሀል ላይ የወደቀ ሊሆን ይችላል። ስርቆት የለም እያልኩ አይደለም፤ ምግቡ የሳሳ ሁሉ ግን ተሰርቆ አይደለም።

የሚቀጥለውን ነጥብ ሰው ብዙም ልብ አይለውም። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ወጪ የሚቀንስ ይመስላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ የምግብ መደቡ በርግጥ ተረፈ። በ2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈው ተማሪዎቻቸው ተበተኑ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ ሳይጠሩ ወራት አሳልፈዋል። በነዚያ ወራት ያልተበላው ምግብ ብር ለተማሪው ተቀምጦ አልጠበቀውም። ሰኔ 30 ሲደርስ ፈቃዱ ሞተ፣ ገንዘቡ ከፌዴራል ካዝና አልወጣም። ተማሪው ግን ቀረ። የአንዱን ዓመት ትምህርት ይዞ ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት ተሻገረ።

ልጅዎ አንድ ዓመት ብቻ እንኳ ዘግይታ ከወጣች በ100 ብር ተመን፣ 10 ወር ቢታሰብ፣ ምግቧ ብቻ 30,000 ብር ተጨማሪ ነው። አልጋው፣ ውኃው፣ መምህሩ አልተቆጠረም። እንዲህ ያሉ 5,000 ተማሪዎች በአንድ ግቢ ቢኖሩ 150 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህን «የመዘግየት ወጪ» ለብቻው አስልቶ ለገንዘብ ሚኒስቴር የሚያቀርብ ዩኒቨርሲቲ ያየሁት ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚጠይቀው ባለፈው ዓመት በጀት ላይ መቶኛ ጨምሮ ነው። ሚኒስቴሩ ደግሞ የተማሪ ቁጥር ያያል፤ ቁጥሩም ቀንሷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በአዲሱ አሠራር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለፈው በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበር። አዲስ ገቢ ሲያንስ «ተማሪያችሁ ቀንሷል፣ በጀት ለምን ይጨመራል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ የዘገዩት ነባር ተማሪዎች ተለይተው ካልቀረቡ መልስ የለውም።

ኬሚካሉን በአጭሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ2017 በጀት ግን ከዚያ በፊት በአሮጌው ምንዛሪ ተሠርቶ ጸድቆ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም የላብራቶሪ ዕቃ በዚያው ብር ግማሽ ሆነ። ምንም ዓይነት የአስተዳደር ብልኃት ይህን አይሞላም።

ሆኖም ከዚያው ዓመት አንድ ትምህርት ይወሰዳል። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ዓመቱ ሳይጋመስ ምክር ቤቱ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ማለትም የተዘጋ በጀት ይከፈታል። አብዛኛው እንደ ደመወዝ ማስተካከያ፣ ማዳበሪያና ነዳጅ ላሉ ትልልቅ ነገሮች ሄደ። ወረፋው ላይ በሰነድ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዞ ያልቆመ ዩኒቨርሲቲ ግን በሩ መከፈቱን የሚሰማው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሐምሌ ላይ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሌላው አገር መንግሥት ያድናል የሚሉም አሉ። አገር ከአገር ይለያል። አሜሪካ በመጋቢት 2012 ዓ.ም ባወጣችው የኮሮና ሕግ ለከፍተኛ ትምህርት 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድባ፣ ለተቋማቱ ከደረሰው ዋና ድርሻ ቢያንስ ግማሹ በቀጥታ ለተማሪው እጅ እንዲገባ አስገድዳለች። አውስትራሊያ በዚያው ጊዜ ለሠራተኛ ደመወዝ ትልቅ ድጎማ ስታደርግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿን ከደጅ አስቀርታለች። ከአሜሪካው የምወድለት ብዛቱን ሳይሆን የተማሪውን ድርሻ አስቀድሞ መቁረጡን ነው።

ወጪ መጋራቱ። ልጅዎ የፈረመችው ውል ከተመረቀች በኋላ ከደመወዟ የምትከፍለው ዕዳ ነው፤ የወጪ መጋራት ደንቡ ከማስተማሪያው ወጪ 15 በመቶውን፣ ከምግብና ከመኝታ ደግሞ ሙሉውን ተማሪው እንዲጋራ ያደርጋል። ያ ገንዘብ ሲከፈል በግብር ሰብሳቢው በኩል ወደ መንግሥት ካዝና ይሄዳል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይመለስም። ስለዚህ ፊርማዋ ዛሬ ካፌው ውስጥ አንድ እንጀራ አይጨምርም። ይልቅ ማረጋገጥ ያለብዎት ሌላ ነገር አለ፤ ተቋርጦ ላልተማረችባቸው ወራት ምግብና መኝታ እንዳይቆጠርባት። በየዓመቱ የምትፈርመውን ቅጽ ኮፒ ትያዝ።

ራስ ገዝነትን በተመለከተ «መንግሥት እጁን ያነሣል» የሚለው ትክክል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ክፍያ ወስኖ፣ ገቢውን ራሱ እንዲያስተዳድር ነፃነት ይሰጣል፤ የመንግሥት ድጋፍ ግን መልኩን ይቀይራል እንጂ አይቀርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ ቀድሟል። በ1947 ዓ.ም የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ የተመደበ ስለሆነ ጉዳዩ ለዚህ ከተማ ሩቅ አይደለም። የተሰፉት ኪሶች ይላላሉ፤ ይህ ለችግር ጊዜ ትልቅ ጥቅም ነው። አደጋውም ያንኑ ያህል ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ የማታና የክረምት ከፋይ ተማሪ ጠፍቶ፣ ገቢው ሲደርቅ አዲስ አበባ ያለ ተቋምና ጎንደር ያለ ተቋም እኩል አይመቱም። ግጭት ባለበት አካባቢ ያለ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከመሆኑ በፊት ለችግር ጊዜ የሚሆን የድጋፍ አንቀጽ በስምምነቱ ውስጥ በጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ያለዚያ አልደግፈውም።

አሁን ወደ መዋጮው። 200 ወላጆች አንድ አንድ ሺሕ ብር ብታዋጡ 200,000 ብር ነው። 10,000 ተማሪ ያለው ካፌ በ100 ብር ተመን በቀን የሚያወጣው 1 ሚሊዮን ብር ነው። መዋጯችሁ ቁርስ እንኳ በወጉ አያበላም። ከዚያም ገንዘቡ በሕጉ መንገድ ቢገባ በሞዴል 64 ደረሰኝ ተቆርጦለት የዩኒቨርሲቲው ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፤ ወጪ ሲሆንም የግዥ ሥርዓቱን ሁሉ ተከትሎ ነው። በሕጉ መንገድ ካልገባ ደግሞ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ቁጥር ላይ ይቀመጣል፤ ነገ ያ ሰው ቢታማ፣ ቢዛወር፣ ቢታሰር የምትጠይቁበት ወረቀት አይኖራችሁም። በስልክ የሚዞር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ላይ ብር አታስገቡ። አብስላችሁም ወደ ግቢ ምግብ አትላኩ፤ አንድ ተማሪ ቢታመም ጣጣው የእናንተ ነው።

መርዳት ከፈለጋችሁ በዕቃ እርዱ፤ ለሁሉም ሳይሆን ለጥቂቶች። ከተፈናቀሉ ቤተሰቦች የመጡ፣ መንገድ ተዘግቶባቸው ከቤት ምንም የማይደርሳቸው ልጆች በየግቢው አሉ። ለእነሱ ደብተር፣ ሳሙና፣ የንፅህና መጠበቂያ፣ ብርድ ልብስ (የጎንደርን የኅዳር ብርድ ያውቁታል) በተማሪዎች ዲን በኩል አስረክቡ፤ ስታስረክቡ ሞዴል 19 ተቆርጦ ቅጂው እጃችሁ ይግባ። ሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው፤ ዕቃው መግባቱን በጽሑፍ የሚያረጋግጥላችሁ እሱ ብቻ ነው።

ዋናው ሥራችሁ ግን ደብዳቤ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ የወላጆች ፊርማ ይኑረው፤ ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ ይጻፍ፣ ለፕሬዚዳንቱና ለትምህርት ሚኒስቴር ግልባጭ ይደረግ። ቦርዱን የመረጥኩት በጀቱ ወደ ላይ ከመሄዱ በፊት የሚያየው እሱ ስለሆነ ነው። «ምግቡ ይሻሻል» ብላችሁ አትጻፉ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለማኅደር ነው የሚሆነው። ይህን ጠይቁ፤ በዚህ ዓመት ስንት ተማሪ ከመደበኛ ጊዜው ዘግይቶ እየተማረ ነው፣ የነሱ ተጨማሪ ወጪ በበጀት ጥያቄው ላይ ተለይቶ ቀርቧል ወይ? ከደመወዝ መደብ ባልተሞሉ የሥራ ቦታዎች የሚተርፈውን ወደ ምግብና ወደ ላብራቶሪ ለማዛወር ለገንዘብ ሚኒስቴር ጥያቄ ቀርቧል ወይ? (ይህ ከመደበኛ ወደ መደበኛ ስለሆነ በፈቃድ ይቻላል፤ የሕንፃውን ብር ተዉት።) የምግብ አቅራቢው ውል የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አለው ወይ? ለሦስቱም በጽሑፍ መልስ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ቢሟላም የሚፈታው ከፊሉን ነው። ዝውውሩ ቢፈቀድ ጥቂት ወር ያሻግራል እንጂ ተመኑን አያሳድግም፤ ተጨማሪ በጀት መምጣቱም በአገሪቱ ገቢ ይወሰናል፤ መንገዱ መከፈቱ ደግሞ በቦርድም በሚኒስቴርም እጅ የለም። ልጅዎን በተመለከተ እስካሁን የወሰደቻቸውን ኮርሶች ውጤት በየሴሚስተሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት እያስወጣች ቤት ታስቀምጥ። በወሎና በወልድያ ከተዘረፈው ውስጥ ኮምፒውተሮችም ነበሩበት።

ጊዜውን አስተውሉ። ለመጪው ዓመት የሚሆነው የበጀት ዝግጅት ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ይጀምራል፤ ዝውውር ደግሞ ዓመቱ ሳይጋመስ ከተጠየቀ ነው ለተማሪው የሚደርስለት። ደብዳቤው ኅዳር ሳይወጣ ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ይድረስ፤ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ከመዝገብ ቤት ሳትቀበሉ አትውጡ።